ዘጠኝ ማይልና አንድ ፔኒ

ተማሪዎች በተሰበሰብንበት ቦታ ሁሉ ትልልቅ ጉዳዮች ይነሣሉ። ስለ መሬት፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ብሔረሰቦች መብት፣ ስለ ውጭ ዕዳ እንከራከራለን፤ መከራከራችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ሕዝብ በየቀኑ ጧትና ማታ የሚያነሣው ጥያቄ ከክርክራችን ውስጥ ሲገባ አይታይም። ጥያቄውም አጭር ነው፦ «ዛሬ በምን ተሳፍሬ ሥራ እገባለሁ? ማታስ በምን እመለሳለሁ?» ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችን ከቁም ነገር ሳይሆን ከምሬት ወሬ እንቆጥረዋለን። ታክሲ ጠፋ፣ አውቶቡሱ አልመጣም፣ ባቡሩ ቆመ፣ መብራት ሄደ ማለት የቡና ላይ ጨዋታ እንጂ የጽሑፍ ርእስ አይመስለንም።

እኛ ይህን ጽሑፍ የምናቀርብ በጆሃንስበርግ ከተማ የምንማር ኢትዮጵያውያን ነን። የምንኖርበት ከተማ ታሪክ ይህን አስተያየት እንድንቃወም ያስገድደናል፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ የአንድ ፔኒ የአውቶቡስ ጭማሪ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አስነሥቶ መንግሥትንና ባለ ሀብትን አንበርክኳል። አሳባችንን ከወዲሁ በግልጽ ለማስቀመጥ፦ የመጓጓዣ ችግር የአውቶቡስ ማነስ ችግር ብቻ አይደለም። ማን ከሥራው ምን ያህል ርቆ እንዲኖር ተፈረደበት፣ የፍርዱንስ ዋጋ ማን ይከፍላል የሚል ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሃንስበርግ በ1886 ወርቅ በመገኘቱ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወርቁን ቆፍሮ የሚያወጣ ጉልበት ያስፈልጋት ነበር፤ የጉልበቱን ባለቤት ግን በጎረቤትነት አልፈለገችውም። ከዚህ የተነሣ ጥቁሩ ሠራተኛ ቀን በከተማው ውስጥ፣ ሌሊት ከከተማው ውጭ እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ በሕግ ላይ ተደረበ። በ1950 የወጣው የመኖሪያ ክልሎች ሕግ ይህን አሠራር ይበልጥ አጠበቀው። በፌብሩዋሪ 1955 የሶፊያታውን ነዋሪዎች በታጠቀ ፖሊስ ተከበው ከነዕቃቸው በካሚዮን ተጭነው ሜዶውላንድስ ወደሚባለው ሩቅ ስፍራ ተወሰዱ። በዓለም የታወቀው ሶዌቶ የሚለው ስም ራሱ በ1963 የተሰጠ ሲሆን፣ «የደቡብ ምዕራብ ሰፈሮች» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት አገር የተሰየመው በአቅጣጫ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ከነጮቹ ከተማ በየት በኩል እንደሚገኝ ለማመልከት።

ከከተማው በስተ ሰሜን 9 ማይል ያህል ርቆ አሌክሳንድራ የሚባል ሰፈር አለ። የተቆረቆረው በ1912 ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1913፣ ጥቁሮችን ከመሬት የነቀለው ሕግ ሲወጣ አሌክሳንድራ ቀድሞ ተመሥርቶ ስለ ነበር ጥቁሮች ባለ ርስት ሆነው ከቀሩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሆነ። የአሌክሳንድራ ሰው በከተማው ፋብሪካ፣ በከተማው ሱቅ፣ በነጮች ማድ ቤት ይሠራል፤ ስለዚህ አውቶቡስ ለእርሱ እንደ እንጀራ ነው። አውቶቡሱን የያዙት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በ1940ዎቹ ዓመታት ከ4 ፔንስ ወደ 5 ፔንስ ለማሳደግ ደጋግመው ሞከሩ። ሕዝቡም በ1940፣ በ1942፣ በ1943 እና በ1944 ደጋግሞ በእግሩ ሄደ። በኦገስት 1943 ለዘጠኝ ቀን ከተጓዙት መካከል ቀደም ሲል በአሌክሳንድራ የኖረ አንድ ወጣት የሕግ ተማሪ ነበረ፤ ስሙም ኔልሰን ማንዴላ ይባላል። በ1944 የተጀመረው እምቢታ ለሰባት ሳምንት ቆየ። ፑትኮ የሚባለው የአውቶቡስ ኩባንያ በ1945 የተቋቋመው ከዚህ ሁሉ ሁከት በኋላ ነው።

ትልቁ ትግል ግን የ1957ቱ ነው። በጃኑዋሪ 7 ቀን 1957 ፑትኮ ዋጋውን ከ4 ፔንስ ወደ 5 ፔንስ አደረገው። ሕዝቡ «አዚክዌልዋ!» አለ፤ «አንሳፈርም!» ማለት ነው። ጧት በጨለማ ተነሥቶ 9 ማይል፣ ማታ ደክሞ 9 ማይል፣ በዝናቡም በፀሐዩም ሦስት ወር ያህል በእግሩ ተመላለሰ። እምቢታው ወደ ፕሪቶሪያና ወደ ሌሎችም ሰፈሮች ተዛመተ። መንግሥት ነገሩን የአንድ ፔኒ ጉዳይ ሳይሆን የሥልጣን ጉዳይ አድርጎ ስለ ተመለከተው ፖሊስ በየመንገዱ ቆሞ የይለፍ ወረቀት ይመረምር፣ ለእግረኞች ደግ ልብ አሳይተው መኪናቸውን ያቆሙትን ነጮች ያስቸግር ጀመር።

አንድ ፔኒ ምን ያህል ገንዘብ ነው? የሚል አንባቢ ቢኖር አብረን እናስላ። መሄጃና መመለሻ ሁለት ፔኒ ነው። በሳምንት ስድስት የሥራ ቀን ቢቆጠር 12 ፔኒ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሺሊንግ ይሆናል። ይህም አባወራው ብቻ ሲሳፈር ነው፤ ሚስትም ልብስ አጣቢ ሆና የምትሠራ ከሆነች ሁለት ሺሊንግ ይሆናል። ሁለት ሺሊንጉ የሚመጣው ከልጆች ዳቦ ነው እንጂ ከሌላ ከየትም አይደለም። ሕዝቡ 18 ማይል በእግር መሄድን የመረጠው ሒሳብ ስለማያውቅ ሳይሆን ሒሳቡን ከማንም አብልጦ ስለሚያውቅ ነው።

መጨረሻውም እንዲህ ሆነ። በደከመ እግር የሚገባ ሠራተኛ ሥራው ስለሚበደል ባለ ፋብሪካዎቹና ነጋዴዎቹ ተጨነቁ። የንግድ ምክር ቤቱ ገብቶበት የዋጋውን ልዩነት ለጊዜው የሚሸፍን ዘዴ ተፈጠረ፤ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግም አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው መጓጓዣ ገንዘብ እንዲያዋጡ ተደረገ። ተሳፋሪው በ4 ፔንሱ ቀጠለ። በአሜሪካ የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች ከዲሴምበር 1955 እስከ ዲሴምበር 1956 ድረስ 381 ቀን በአውቶቡስ ሳይሳፈሩ ቆይተው ድል እንዳደረጉ ሁሉም ያውቃል። የአሌክሳንድራው ድል ግን የራሳችን አህጉር ድል ሆኖ ሳለ ከእኛ ተማሪዎች መካከል የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ይህን ስንል ግን ታሪኩን ለማሞገስ ብቻ አይደለም፤ የጎደለውንም ማየት ይገባናል። የአሌክሳንድራ ሕዝብ ፔኒዋን አስመለሰ፤ ዘጠኙን ማይል ግን አላስመለሰም። ርቀቱ እንደ ነበረ ቀረ። እንዲያውም የአፓርታይድ መንግሥት ከዚያ በኋላ ለአውቶቡስና ለባቡር ድጎማ እየሰጠ ጥቁሩን ከከተማው ይበልጥ አራቀው። ርካሽ ቲኬት የመለያየት ሕግ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። በ1994 ሕዝባዊ ምርጫ ተደርጎ አዲስ መንግሥት ሲቆምም የሕግ መጽሐፉ ተለወጠ እንጂ ካርታው አልተለወጠም። ለድሆች የተሠሩት ብዙ ቤቶች የተሠሩት መሬት ርካሽ በሆነበት በከተማው ዳርቻ ነው። መሬቱ ለመንግሥት ረከሰ፤ ለነዋሪው ግን በየቀኑ በታክሲ ዋጋ ተወደደ።

የዛሬውን ጆሃንስበርግ እንመልከት። ከሕዝብ ማመላለሻ ተጠቃሚው አብዛኛው የሚሳፈረው 16 ሰው በሚይዘው ሚኒባስ ነው። ይህ ታክሲ በ1988 በወጣው ሕግ በስፋት እስኪፈቀድለት ድረስ ጥቁሮች በድብቅና በብልሃት ያቋቋሙት ሥራ ነው። የራሱ ቋንቋ አለው፤ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አመልካች ጣቱን ወደ ላይ ሲቀስር ወደ መሐል ከተማ ለመሄድ መፈለጉን ያስታውቃል። የራሱ ሥርዓትም አለው። እንደ አዲስ አበባ በር ላይ ቆሞ የሚጣራ ረዳት አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ገንዘቡ ከኋላ ወንበር ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ተሳፋሪ ቆጥሮ መልሱን ያከፋፍላል። አንድ ሰው አልከፈለም ሲባል ሁሉም ይሟገታል፤ መጨረሻም ሒሳቡ ይገጥማል። እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሕዝብ በየቀኑ እንዲህ ያለ መተማመን ሲያሳይ ማየት ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት ነው።

ነገር ግን ይኸው ታክሲ በፍጥነቱ ሰው ይገድላል፤ በመሥመር ክርክር የተነሣ በባለንብረቶች ማኅበራት መካከል ጥይት የተተኮሰበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በስልክ የሚጠሩ መኪናዎች ሾፌሮችም በታክሲ ሰዎች ይደበደባሉ። ተሳፋሪው «ሾፌሩ ባለጌ ነው» ይላል። በአዲስ አበባም የምንለው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሾፌር የመኪናው ባለቤት አይደለም። ለባለቤቱ የተቆረጠ ገቢ ማስገባት አለበት፤ ለራሱ የሚተርፈው ከዚያ በላይ ያገኘው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢሮጥ፣ ሳይሞላ አልነሣም ቢል፣ አሥራ ስድስት ሰው በሚይዘው ሃያ ቢጭን ምን ያስደንቃል? ጠባዩን የፈጠረው ውሉ ነው። ውሉን ሳይነኩ ሾፌሩን መስደብ በሽታውን ትቶ በላቡ መቆጣት ይሆናል።

በሌላው በኩል ጋውትሬይን የሚባለው ፈጣን ባቡር አለ። በጁን 8 ቀን 2010፣ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሳንድተን መሥራት ጀመረ፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይበራል። ንጹሕ ነው፤ ሰዓቱን ያከብራል፤ ማርልቦሮ በሚባለው ጣቢያ አጠገብም በአሌክሳንድራ ጎን ያልፋል። የአሌክሳንድራ ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሲያልፍ ነው፤ ዋጋው ለእርሱ የተቆረጠ አይደለምና። ተሳፋሪው ከታሰበው ቢያንስ ክፍለ ሀገሩ ለኩባንያው ልዩነቱን ለመክፈል ዋስትና ገብቷል። አብዛኛውን ሕዝብ የሚያመላልሰው ሚኒባስ ግን ለዕለት ሥራው ድጎማ ሳያገኝ ኖሯል። ድሆች የሚሳፈሩበት የቆየው የከተማ ባቡር ደግሞ በ2020፣ በወረርሽኙ ጊዜ፣ ጠባቂ አጥቶ ሽቦው ተቆርጦ ጣቢያው ፈርሶ ብዙ መሥመሮች ቆሙ፤ ጥገናውም ዓመታት ፈጀ። ድጎማ ተሳፋሪውን ሳይሆን ሐዲዱን ሲከተል ውጤቱ ይህ ነው።

በዚህ ላይ መብራት አለ። የዚህ አገር ሰው የመንገድ መብራቱን «ሮቦት» ይለዋል። ከ2008 ጀምሮ በየጊዜው፣ በተለይም በ2023 ከሁሉ በከፋ ሁኔታ፣ ኤሌክትሪክ በተራ ሲቋረጥ ሮቦቶቹ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ መስቀለኛው መንገድ ይታፈን፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ሰዓት ይሆን ነበር። በጁላይ 19 ቀን 2023 ደግሞ በመሐል ከተማ በሊሊያን ንጎዪ ጎዳና ከመሬት በታች ጋዝ ፈንድቶ አስፋልቱን ሰነጠቀ፤ ሠራተኞችን ወደ ቤት የሚመልሱትን ሚኒባሶች ገለበጠ፤ አንድ ሰው ሞተ፣ አርባ ስምንት ሰዎች ቆሰሉ። ከተማ ከላይ እያበራ ከሥሩ ሲበሰብስ አስቀድሞ የሚያውቀው ተሳፋሪው ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ የባዕድ አገር ወሬ አይደለም። በዚሁ መሐል ከተማ፣ ሁላችንም ጄፒ በምንለው፣ ዛሬ ግን በጸረ አፓርታይድ ታጋይዋ በራሂማ ሙሳ ስም በሚጠራው ጎዳና፣ ወገኖቻችን ፎቅ በፎቅ ሱቅ ከፍተው ይነግዳሉ። ሌሎቹ ሎኬሽን ወደሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ብርድ ልብስና ልብስ ተሸክመው በታክሲ ይሄዳሉ። የታክሲውን ዋጋ፣ የመንገዱን ርዝመት፣ የማታውን ፍርሃት ከአገሬው እኩል ያውቁታል። ይሁን እንጂ በሜይ 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣው ግድያ የጀመረው በዚያው በአሌክሳንድራ ነው፤ በአገሪቱ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ1957 ቁጣውን በትክክል በኩባንያውና በመንግሥት ላይ ያሳረፈው ሰፈር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቁጣው በጎረቤት ላይ ወረደ። በመካከሉ የጠፋው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት በየጧቱ አብሮ የሚጓዝ፣ በየማታው በአደባባይ ተሰብስቦ የሚመክር፣ ችግሩን በስሙ የሚጠራ ማኅበር ነው። ምሬት ሳይደራጅ ሲቀር የትም ሊፈስ ይችላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የመጓጓዣ ጥያቄ ትንሽ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ ካለ ፌብሩዋሪ 1974ን ያስታውስ። የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በፌብሩዋሪ 18 (የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም.) ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን በራሳቸው ጥያቄ ሥራ አቆሙ። ንጉሠ ነገሥቱ በአምስት ቀን ውስጥ የነዳጁን ዋጋ መቀነሳቸውን አስታወቁ፤ ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያ አልቆመም፤ ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። ከሰይቼንቶ ታክሲ የተነሣ ነገር የት እንደ ደረሰ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፤ ሰልፉ ግን አልተለወጠም። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይቀመጥበት የነበረው «ውይይት» አለፈ፤ ሚኒባሱ፣ ሃይገሩ፣ ቅጥቅጡ ተተካ። በሴፕቴምበር 2015 ቀላል ባቡር ተመረቀ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደስታው ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ተገኙ። ባቡር መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ብሎኑን መግዛት ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ከዚህም የሚብሰው ርቀቱ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ተሠሩ፤ በ2024 ፒያሳ ሲፈርስም ብዙ ነዋሪ ወደ ዳርቻ ተዛወረ። ለሰው ቤት መስጠት ታላቅ ነገር ነው፤ ይህን አንክድም። የእኛ አገር ሕግ ሰውን በቀለሙ ለይቶ ከከተማ አላስወጣም፤ አሠራራችንን ከአፓርታይድ ጋር የሚያስተካክል ሰው ሐሰት ይናገራል። ዳሩ ግን ከመርካቶ ጉሊት የተነሣች እናት ቱሉ ዲምቱ ላይ ቁልፍ ስትቀበል መርካቶዋን ማን ያቀርብላታል? ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ፣ ሾፌሩ መንገዱን ቆራርጦ ሁለቴ ሲያስከፍላት፣ ማታም ልጆቿ ከተኙ በኋላ ስትገባ ለቤቱ የምትከፍለው ወርኃዊ ዕዳ ብቻ አይደለም። ሕግ ያላራቀውን ሰው ፕላን ቢያርቀው ለእግሩ ልዩነት የለውም።

«አገር ድሃ ነው፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉን አሉ። ዕንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ በእግሩ የሚሄደው ሠራተኛው መሆኑን ግን ይዘነጉታል። እኛም ነገ ባቡር ይቅረብልን አላልንም። የምንለው ድህነቱ ካለ የድህነቱ ሸክም በእኩልነት ይታሰብ፣ ወጪውም በግልጽ መዝገብ ይጻፍ ነው።

ስለዚህ ለተማሪው ወገናችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ መቁጠር ነው። በአገር ቤት ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች በመገናኛ፣ በሜክሲኮ፣ በጦር ኃይሎች ሰልፍ አጠገብ ደብተር ይዛችሁ ቁሙ። አንድ ሰው ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? ከደመወዙ ስንቱን ለመንገድ ይከፍላል? ስንት ሴቶች ከመሸ በኋላ ያለ መጓጓዣ ይቀራሉ? ይህን በአማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ጻፉት። የአሌክሳንድራ ሕዝብ ያሸነፈው ሒሳቡን ስለሚያውቅ ነው። ሁለተኛ፣ ቤትና መንገድ በአንድ ሒሳብ እንዲታዩ መጠየቅ ነው። ሰው ከሰፈሩ ሲነሣ የካሳው ሒሳብ የአዲሱን ቤት ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዓመታት ታክሲውንም ይጨምር። ሦስተኛ፣ የተሳፋሪዎች ማኅበር ማቋቋም ነው። የባለንብረቶች ማኅበር አለ፤ ተራ አስከባሪዎችም ተደራጅተዋል፤ ያልተደራጀው ከፋዩ ብቻ ነው። ይህ ማኅበር ሾፌሩንና ረዳቱን እንደ ጠላት ሳይሆን በአንድ ውል እንደ ታሰረ ባልደረባ ይመልከታቸው።

በውጭ ያለን ደግሞ ከየአገሩ የምንልከው ነገር ይለወጥ። በፈጣን ባቡር ፊት ቆመን የተነሣነውን ፎቶግራፍ ለዘመዶቻችን መላክ ቀላል ነው። ባቡሩን ማን ይደጉመዋል፣ ማን ይሳፈርበታል፣ ማን ሲያልፍ ብቻ ያየዋል የሚለውን አጥንቶ መላክ ግን የተማሪ ሥራ ነው።

የጆሃንስበርግ ማዘጋጃ ቤት በ2009 የጀመረው የፈጣን አውቶቡስ መሥመር «ሬያ ቫያ» ይባላል፤ «እየሄድን ነው» ማለት ነው። መልካም ስም ነው። ይህ ሕዝብ ግን «እየሄድን ነው» የሚል ስም በአውቶቡስ ጎን ከመጻፉ ከሃምሳ ዓመት በፊት «አንሳፈርም» ማለትን ተምሮ ነበር። እኛ ደግሞ ሁለቱንም ከማለታችን በፊት ስንት ማይል እንደምንሄድና ስንት ሳንቲም እንደምንከፍል ቆጥረን እንወቅ።